ባዕድን በጠረን ቤተኛ ማድረግ፤ ሁለት ጀርቢሎችን እንዴት እናስተዋውቅ?

ሜሪዮኔስ በሆሜር «ኢሊያድ» ውስጥ ከቀርጤስ ደሴት ወደ ትሮይ የዘመተ ጦረኛ ነው። የእንስሳት ሊቃውንት የዚህን ጦረኛ ስም ወስደው ከሰሜን አፍሪካ እስከ ቻይና በደረቅ ምድር ለሚኖር አንድ የአይጥ ወገን ሰጡት። ከወገኑ ዝርያዎች መካከል በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው ሜሪዮኔስ ኡንጉዊኩላቱስ ይባላል፤ ትርጉሙም ባለ ጥፍሩ ጦረኛ እንደ ማለት ነው። በተለምዶ የሞንጎሊያ ጀርቢል፣ በአጭሩም ጀርቢል እየተባለ የሚጠራው ይህ እንስሳ ክብደቱ ከ100 ግራም እምብዛም አያልፍም። ጅራቱ እንደ ተራ አይጥ ራቁቱን ሳይሆን ጠጉር የለበሰ፣ ዓይኑም ትልቅና ጥቁር ነው፤ አንዳች ድምፅ ሲሰማ በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የፊት እግሮቹን ደረቱ ላይ አጥፎ ያዳምጣል። ይህን ያየ ሰው ጦረኛ የሚለው ስም በስሕተት የተለጠፈበት ይመስለዋል። ስሙ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ሁለት የማይተዋወቁ ጎልማሳ ጀርቢሎች ያለ ዝግጅት በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲገናኙ ነው። ሁለቱ ተጠማጥመው እንደ ኳስ ይንከባለላሉ፤ ነገሩም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በከባድ ቁስል፣ አንዳንዴም በሞት ሊጠናቀቅ ይችላል።

በአገራችን ጀርቢልን በቤት ማሳደግ የተለመደ ባለመሆኑ አንባቢ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሆኖም በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ዐይተው የሚጠይቁት እንስሳ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ የሚሄድ የሕክምና ወይም የሥነ ሕይወት ተማሪም በእንስሳት ክፍሎች ውስጥ ያገኘዋል፤ ጀርቢል ለአንጎል የደም ዝውውር መቋረጥ፣ የጨጓራ ቁስለትን ለሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ለተባለው ባክቴሪያና ለፊላሪያ ትሎች ምርምር ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል ኖሯልና። ከሁሉም በላይ ግን ነገሩ አንድ ሳይንሳዊ ቃል በአግባቡ ሳይተረጎም ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። ቃሉ «ማኅበራዊ» የሚለው ነው። በእኔ እምነት በጀርቢሎች ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ጉዳት የሚመነጨው ሰዎች «ማኅበራዊ እንስሳ» የሚለውን «ተግባቢ እንስሳ» ብለው ከማንበባቸው ነው። ሁለት ጀርቢሎችን ማስተዋወቅ ማለት እንዲዋደዱ መገፋፋት አይደለም፤ አንድ የጋራ ጠረን እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜም የሚለካው በእንስሳው አፍንጫ እንጂ በባለቤቱ ጉጉት አይደለም።

የዚህ እንስሳ ታሪክ ለክርክራችን አንድ ጠቃሚ ማስረጃ ስለሚሰጠን ባጭሩ እንመልከተው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አርማን ዳቪድ የተባሉት ፈረንሳዊ ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1866 ከሰሜን ቻይና ናሙናዎችን ወደ ፓሪስ ላኩ፤ በቀጣዩ ዓመት ሚልን-ኤድዋርድስ የተባለው ሊቅ ዝርያውን ለሳይንስ አስተዋወቀ። በ1935 ከአሙር ወንዝ ተፋሰስ 20 ጥንዶች ተይዘው ወደ ጃፓን ተወሰዱ። ከእነዚህም ዘሮች 11 ጥንዶች በ1954 ቪክቶር ሽቬንትከር ወደሚባል አሜሪካዊ አርቢ ዘንድ ተሻገሩ። ከእነዚህ መካከል ዘር የተኩት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ አምስት ሴቶችና አራት ወንዶች። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶችና ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ያሉት ጀርቢሎች በአብዛኛው የእነዚህ ጥቂት አባቶችና እናቶች ልጆች ናቸው። እንግዲህ በደም ከቆጠርነው ሁሉም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ዝምድናው ግን አንዱን ከሌላው ጥርስ አላዳነውም። ይህንን ልብ እንበልና ወደ ትውልድ አገራቸው እንሻገር።

ሞንጎሊያና ውስጣዊ ሞንጎሊያ ክረምቱ የሚያንዘፈዝፍ፣ በጋው ደረቅ የሆነ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ስዊድናዊው ኦግሬን ከቻይናውያን ባልደረቦቹ ጋር በውስጣዊ ሞንጎሊያ ሜዳ ላይ የዱር ጀርቢሎችን ተከታትሎ ውጤቱን በ1989 አሳትሟል። እንስሶቹ የሚኖሩት በቤተሰብ ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ የጉድጓድ ሥርዓት ይኖረዋል፤ አባላቱ በጋራ ይቆፍራሉ፣ ለክረምት ዘር ያከማቻሉ፣ በብርድ ጊዜ በአንድ ጎጆ ተቃቅፈው ይተኛሉ። ከዚሁ ጎን ለጎን ክልላቸውን በጠረን ምልክት ያደርጋሉ፤ ድንበር ያለፈውን ባዕድ ጀርቢልም አሳድደው ያባርራሉ። ይህ ጭካኔ ሳይሆን የኑሮ ስሌት ነው። ለስድስት ወር ብርድ የተከማቸ ዘር ለባዕድ የሚሰጥ ቤተሰብ ፀደይን አያይም። እንግዲህ የጀርቢል ማኅበራዊነት በቤተሰቡ አጥር ውስጥ የተከለለ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ይላሳል፣ ይታቀፋል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ይነከሳል። ሁለቱ ጠባዮች የሚቃረኑ አይደሉም፤ የአንድ ነገር ሁለት ፊቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ማከል አስፈላጊ ነው። ጀርቢል የሚለው ስም የብዙ ዝርያዎች መጠሪያ በመሆኑ የሞንጎሊያውን ጠባይ በሁሉም ላይ መጫን አይገባም። በአገራችን ቆላማና ደረቅ አካባቢዎችም የጀርቢል ዘመዶች አሉ፤ ለምሳሌ ጀርቢሊስከስ የተባለው ወገን በኢትዮጵያ ይገኛል። የእነዚህ ማኅበራዊ ኑሮ ከሞንጎሊያው ጋር አንድ ነው ብሎ መናገር ግን አይቻልም። በእንስሳት መሸጫ ሱቆች ከጀርቢል ጎን የሚቀመጠው የሶርያ ሐምስተርም ሌላ ነው፤ ጎልማሳው ሐምስተር ብቸኛ ነዋሪ በመሆኑ በጥንድ ማኖሩ ራሱ ጥፋት ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የሞንጎሊያውን ጀርቢል ብቻ የሚመለከት ነው።

አጥሩ የተሠራው ከምንድን ነው? ከጠረን ነው። ጀርቢሉን ገልብጠን ሆዱን ብናይ በመሐል ላይ ጠጉር የሌለው፣ ብጫ ቢጤ፣ ሞላላ ጠባሳ የመሰለ ነገር እናገኛለን። ይህ ቅባት አመንጪ ዕጢ ነው። እንስሳው በድንጋይና በአፈር ጉብታ ላይ ሆዱን እየሳበ ሲያልፍ ቅባቱን ይተዋል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቲሰንና ባልደረቦቹ ይህንን ጠባይ በጥልቀት አጥንተው በ1968 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባሳተሙት ሥራ ምልክት ማድረጉ በወንድ ሆርሞን ቁጥጥር ሥር መሆኑን አሳይተዋል፤ የተኮላሸ ወንድ ምልክት ማድረጉን ይቀንሳል፣ ቴስቶስቴሮን ሲሰጠው ደግሞ መልሶ ይጀምራል። ሴቶቹም ዕጢው አላቸው፤ ምልክትም ያደርጋሉ። በዚህ ላይ ከዓይን አጠገብ ካለው ዕጢ የሚወጣው ፈሳሽ ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ ፊትን በማጠብና እርስ በርስ በመላላስ ወደ ጠጉር ሁሉ ይዳረሳል። አብረው የሚኖሩ ጀርቢሎች ሲላላሱ ጽዳት ብቻ እየሠሩ አይደለም፤ የቤቱን ጠረን እየተካፈሉ ነው። ለዚህም ነው ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች እንኳ ለጥቂት ቀናት ተለያይተው ሲገናኙ፣ ለምሳሌ አንደኛው ለሕክምና ተወስዶ ሲመለስ፣ እንደ ባዕድ ሊተያዩ የሚችሉት። ደሙ አልተለወጠም፤ ጠረኑ ግን ተለውጧል።

ይህ ለገበሬዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን እንዳትከለክል የጥጃው ቆዳ በገለባ ተሞልቶ፣ ጨው ተነስንሶበት ሲቀርብላት ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ትታለባለች። በዘመናዊ ቀፎ ንብ የሚያረቡ ሰዎችም ሁለት ደካማ ኅብረቶችን ማዋሐድ ሲፈልጉ አንዱን ቀፎ በሌላው ላይ ደርበው በመካከላቸው የጋዜጣ ወረቀት ያደርጋሉ። ንቦቹ ወረቀቱን ቦጭቀው እስኪጨርሱ ድረስ የሁለቱ ቀፎ ጠረን ይቀላቀላል፤ ወረቀቱ ሲያልቅ የሚዋጋ እምብዛም አይኖርም። ለጀርቢል የምንመክረው ዘዴ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በጋዜጣው ፈንታ ወንፊት ሽቦ መሆኑ ብቻ ነው።

ዘዴውን ከመግለጻችን በፊት ግን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ እንመልከት። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዎች ጠብ ጫሪነትን ለማጥናት ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ፈተና አለ፤ «የነባርና የመጤ ፈተና» ልንለው እንችላለን። አንዱ እንስሳ ለአንድ ሳምንት ያህል ጉዝጓዙ ሳይለወጥለት በራሱ ቤት እንዲቆይና ቤቱን በጠረኑ እንዲሞላው ይደረጋል፤ ከዚያም የማያውቀው እንስሳ በድንገት ይጨመርበታል። ፈተናው የተቀየሰው ጠብ እንዲነሣ ነው፤ በአብዛኛውም ይነሣል። አሁን አንባቢ በሐዘኔታ ለብቸኛ ጀርቢሉ ጓደኛ ገዝቶ የመጣን ሰው ያስብ። አዲሱን እንስሳ አውጥቶ በነባሩ ቤት፣ በነባሩ ጉዝጓዝ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ ሰው ሳያውቀው በሳሎኑ ውስጥ የነባርና የመጤን ፈተና አካሂዷል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ተመራማሪው ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ እንስሶቹን ይለያያል፤ የሳሎኑ ባለቤት «ይላመዳሉ» ብሎ ወደ መኝታው ይሄዳል።

በውጭ አገር ሳለሁ ጎረቤቶቼ በነበሩ አንድ ኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ዘንድ የሆነው ይኸው ነበር። ከሁለቱ ጀርቢሎች አንዱ ስለሞተ አባትየው ልጁ እንዳያዝን ብሎ በዚያው ምሽት ሌላ ገዝቶ መጣ። ጠዋት የስምንት ዓመቱ ልጅ ቀድሞ ተነሥቶ ያገኘውን አገኘ። «አባዬ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው እኮ፤ ለምን ተጣሉ?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው የእንስሳቱ ሻጭ «ጥንድ ሆነው ቢኖሩ ይሻላል» ከማለት ያለፈ ነገር አልነገረውም ነበርና የሚመልሰው አልነበረውም። በእኔ አመለካከት ግማሽ እውነት የሆነ ምክር ከዝምታ የከፋበት ጊዜ ይህ ነው። «ጥንድ ይሻላል» የሚል ሁሉ ጥንዱ እንዴት እንደሚፈጠር የመናገር ግዴታ አለበት።

ወደ ዘዴው እንምጣ። የመስታወት ሣጥን በወንፊት ሽቦ ለሁለት ይከፈላል። ቀዳዳው አፍንጫና የእግር ጣት የማያሾልክ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ መሆን ይኖርበታል፤ አለዚያ በወንፊቱ በኩል ይነካከሳሉ። ሽቦው ከታች የሣጥኑን ወለል፣ ከጎን ግድግዳውን፣ ከላይ ክዳኑን አጥብቆ መንካት አለበት። ጀርቢል መቆፈር ሥራው የሆነ እንስሳ ስለሆነ በጉዝጓዝ የተሸፈነች ትንሽ ክፍተት ለእርሱ በር ናት። ብዙ የማስተዋወቅ ሙከራዎች የሚበላሹት በእንስሶቹ ጠባይ ሳይሆን በዚህች ክፍተት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየክፍሉ ጉዝጓዝ፣ ምግብ፣ ውኃና ለጎጆ መሥሪያ የሚሆን ወረቀት ይደረጋል። ከዚያ ዋናው ሥራ ይጀመራል፤ ይኸውም እንስሶቹን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ፣ ቦታ ማለዋወጥ ነው። ጉዝጓዙ አይነካም፤ የሚንቀሳቀሱት እንስሶቹ ናቸው። አንደኛው ሌላው በተኛበት ጎጆ ይተኛል፣ ሌላው በቆፈረው ጉድጓድ ይገባል፣ ሌላው በታጠበበት አሸዋ ይታጠባል። በመጀመሪያው ቀን የባዕዱን ጎጆ ሲያገኝ ይበታትነዋል፣ በላዩም ምልክት ያደርጋል። ቀናት ሲያልፉ የኔ የሚለውና ያንተ የሚለው ጠረን ይደባለቅበታል፤ አፍንጫው የሚነግረው «ባዕድ መጣ» ሳይሆን «ቤቱ ይሸታል» ይሆናል። እንስሳውን ሲያነሡ በሁለት መዳፍ ማቀፍ እንጂ ጅራቱን መያዝ ፈጽሞ አይገባም፤ የጅራቱ ቆዳ እንደ ሽፋን ተገፍፎ ይወጣልና።

ይህ ስንት ቀን ይቀጥል? ቢያንስ አንድ ሳምንት፤ ጎልማሳ ሴቶች ከሆኑ ብዙ ጊዜ ከዚያም በላይ። ከቀኑ ቁጥር ይልቅ የሚሻለው ምልክቱ ነው። ሁለቱም ጎጆአቸውን ወደ ወንፊቱ አስጠግተው ጀርባ ለጀርባ መተኛት ከጀመሩ፣ ሲለዋወጡ ሳይረበሹ ሥራቸውን ከቀጠሉ፣ ወንፊቱን መንከስና ፊት ለፊት መፋጠጥ ካቆሙ ጠረኑ የጋራ ሆኗል ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለ ሌላ ሳምንት መጨመር ማንንም አይጎዳም።

የመገናኛው ዕለት ባለቤቱ ሥራ የሌለበት፣ ጠዋት ተጀምሮ እስከ ማታ መመልከት የሚቻልበት መሆን ይኖርበታል። እዚህ ላይ ሰው በራሱ ሚዛን ሲመዝን የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ቦታው ሰፊ ይሁን፤ ካልተስማሙ ይራራቁ» ብሎ ያስባል። ለእኛ ሰፊ ቦታ ሰላም ነው። ለጀርቢል ግን ሰፊ ቦታ የሚከፋፈል ርስት ነው፤ አንዱ ይህን ጥግ፣ ሌላው ያንን ጥግ ይዞ ድንበር ይበጃል፤ ድንበር ካለ ደግሞ ወረራ አለ። በመሆኑም የመጀመሪያው መገናኛ ጠባብ፣ ከሁለቱም ክፍሎች የመጣ ጉዝጓዝ ተደባልቆ በስሱ የተነሰነሰበት፣ ቤት፣ ቱቦና መሽከርከሪያ የሌለበት መሆን አለበት። አንዱ ሊገባበትና ሊከላከለው የሚችል ምንም ነገር አይኑር። ምግቡም በአንድ ሳህን ሳይሆን ተበትኖ ይሰጥ። የቆዳ ጓንትና ጠንካራ ካርቶን በእጅ አቅራቢያ ይቀመጥ። ሁለት የተጠማጠሙ ጀርቢሎችን በባዶ እጅ ለመለየት የሞከረ ሰው ጥርሳቸው እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ለመማር አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

ከዚያ ምን እንጠብቅ? መሸታተት፣ አንዱ ሌላውን ትንሽ ማባረር፣ በኋላ እግር ቆሞ በፊት እግር መገፋፋት፣ መወጣጣት የተለመዱ ናቸው፤ በእነዚህ ደንግጦ መለያየት ሥራውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አንዱ ዝቅ ብሎ አንገቱን ሲሰጥና ሌላው ሲልሰው ነገሩ ወደ መልካም እየሄደ ነው። አደገኛው ሌላ ነው፤ ጠጉሩን አቁሞ፣ ጀርባውን ቆልምሞ፣ በጎኑ እየተጠጋ፣ ጅራቱን ግራና ቀኝ የሚወዘውዝ ጀርቢል ሊዘል ነው። በኋላ እግር መሬት መደብደብ ብቻውን የጠብ ምልክት አይደለም፤ በፍርሃትም በሩካቤ ጊዜም ይደበድባሉ። ከቆመ ጠጉርና ከተወዘወዘ ጅራት ጋር ሲመጣ ግን ካርቶኑ በመካከላቸው መግባት አለበት። ኳስ ሆነው ከተንከባለሉ፣ ይልቁንም ደም ከፈሰሰ፣ ዕለቱ አብቅቷል፤ ወደ ወንፊቱ ተመልሶ እንደ አዲስ መቁጠር ነው። ሁሉ ሰላም ከሆነ ደግሞ በአንድ ጎጆ ተቃቅፈው ሲተኙ ሳያዩ ሌሊቱን ለብቻቸው መተው አይገባም። ቦታው በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ቤቱና መሽከርከሪያውም አንድ በአንድ ይመለሳሉ። በተስማሙ ማግሥት ወደ ትልቅ አዲስ ሣጥን ማዛወር ሰላሙን ሊያፈርሰው ይችላል።

ይህንን ለማሳጠር የሚነገሩ ሁለት ምክሮች አሉ፤ ሁለቱንም አልቀበላቸውም። የመጀመሪያው «ይዋጉና የበላዩ ይለይ፤ ከዚያ ይረጋጋሉ» የሚለው ነው። ይህ ምክር በሜዳ ላይ የተሸነፈው ጀርቢል የሚሸሽበት ምድር እንዳለው ይዘነጋል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ መሸሻ የለም፤ ስለዚህ አሸናፊው ማባረሩን የሚያቆምበት ነጥብ አይኖርም። ሁለተኛው በሁለቱም ላይ ቫኒላ ወይም ሌላ ሽቶ መቀባት ነው። ሐሳቡ ከጠረን ሳይንስ የተወሰደ ስለሚመስል የተማረውን ሰው ያታልላል። ነገር ግን ሽቶ ጠረንን ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ አይተካም፤ እንስሳው ራሱን ልሶ፣ በአሸዋ ተንከባሎ ሽቶውን ባስወገደ ጊዜ ከጎኑ ያለው ያው ባዕድ ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ተዘናግቶ በተኛበት ሰዓት ይሆናል።

ከማን ጋር ማን? ለጎልማሳ ወንድ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ያለው ወንድ ግልገል ማምጣት ከሁሉ የቀለለ ነው። ሁለት ጎልማሳ ወንዶች በትዕግሥት ይሳካላቸዋል። ሁለት ጎልማሳ ሴቶች እጅግ አስቸጋሪ ናቸው፤ ከተስማሙም በኋላ ከወራት ቆይታ ሊጣሉ ይችላሉ። ወንድና ሴት በቀላሉ ይግባባሉ፤ ዋጋው ግን በ25 ቀን ገደማ ይመጣል። እናቲቱም በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደ ገና ልትፀንስ ስለምትችል ብቸኝነትን ለመፍታት የተነሣ ቤተሰብ በሁለት ወር ውስጥ ዐሥር ጀርቢል ይዞ ሊገኝ ይችላል። ሦስትና ከዚያ በላይ የማይተዋወቁ ጎልማሶችን ማዋሐድ ደግሞ መሞከርም አያስፈልግም።

እጅግ የከበደው ጥያቄ ግን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጀርቢል የሚኖረው ሦስት አራት ዓመት ያህል ነው፤ ስለሆነም ማናቸውም ጥንድ አንድ ቀን ነጠላ መሆኑ አይቀርም። በጥንድ ኖሮ የተለየ ጀርቢል ጠባዩ እንደሚለወጥ በቤተ ሙከራ ተመዝግቧል። በ2008 የወጣው የስዊዘርላንድ የእንስሳት ጥበቃ ደንብም ማኅበራዊ እንስሳት ከወገኖቻቸው ጋር ተገቢ ግንኙነት እንዲኖራቸው ያዝዛል። የደንቡን መንፈስ እደግፋለሁ። ይሁንና የደንብ ቃል ለየእንስሳው ዕድሜና ጤንነት አይጠነቀቅም። የአንድ ዓመት ተኩል ጤናማ ወንድ ከሆነ ወንፊቱ ይሠራ፣ ግልገሉ ይምጣ እላለሁ። ሦስት ዓመት ያለፈው፣ የከሳ፣ ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ከሆነ ግን የሳምንታት መለዋወጥና የመገናኛው ቀን ጭንቀት ከሚያገኘው ጓደኝነት ሊበልጥበት ይችላል። በዚያ ላይ እርሱ ሲሞት ግልገሉ በተራው ነጠላ ይሆናል፤ ሰንሰለቱ ማብቂያ የለውም። እንዲህ ላለው ሽማግሌ ጥልቅ ጉዝጓዝ፣ የሚቦጫጭቀው ካርቶንና በየቀኑ መዳፉን የሚዘረጋለት ሰው ይሻለዋል። በዚህ የማይስማሙ ጠንቃቃ አርቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም፤ ሽማግሌው ከግልገል ጋር ተቃቅፎ ሲተኛ ያየ ሰው በቀላሉ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። እኔ ግን እንስሳው ራሱ በማያተርፍበት ነገር ላይ ሲታመም ማየትን አልመርጥም።

ከሻጮች የሚጠበቀው ቀላል ነው። ነጠላ ጀርቢል አለመሸጥ፣ ሁለት አብረው የተወለዱ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን በአንድ ላይ መስጠት፤ ለነጠላ ጀርቢሉ ጓደኛ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ሲያጋጥም ደግሞ ከእንስሳው ጋር ልኩ የተቆረጠ ወንፊት ሽቦና የአንድ ገጽ መመሪያ መጨመር። የሽቦው ዋጋ ከእንስሳው ዋጋ እምብዛም አይበልጥም።

ሙከራው ደጋግሞ ሳይሳካ ሲቀርስ? በተከፈለ ሣጥን ውስጥ ለዘለዓለም ማኖር መፍትሔ አይሆንም፤ የማይወደው ጎረቤት ጠረን ሌት ተቀን የሚገባበት እንስሳ ዕረፍት የለውም። ሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ይዘጋጁ፤ በመካከላቸውም ጥቂት ርቀት ይኑር፤ የአንዱን ጉዝጓዝ የነካ እጅ ወደ ሌላው ከመግባቱ በፊት ይታጠብ።